ስለ ታይታና ስለ ክርስቲያን ምስክርነት

ለንባብ፦ ኢሳይያስ 39፤ ማቴዎስ 5፥14-16 እና 6፥1-6



ከወጣቶቻችን አንዱ እንግሊዝኛ ሲማር ያገኘውን አንድ ግሥ ይዞ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ቃሉ «ፍሎንት» የሚባለው ነው። ልጁም፥ «መጽሐፉ ማሳየት ብሎ ይፈታዋል፤ መምህራችን ግን ማሳየት ሁሉ በዚህ ቃል አይጠራም አሉን። እንግዲህ ልዩነቱ ምንድር ነው?» ሲል ጠየቀን። እኛም የምናውቀውን ያህል መልሰን አሰናበትነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በማኅበራችን ላይ የደረሰ አንድ ኀዘን ይህ ጥያቄ የቋንቋ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ አስተማረን። ሰው ያለውን ሲያሳይ መቼ ንጹሕ ነው? መቼስ ይበድላል? የሚያየው ሰው ከማየቱ የተነሣ ቢጠፋ፥ ያሳየው ይጠየቅበታልን? ይህን ነገር በእግዚአብሔር ቃል ፊት ልንመረምረው እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። ይህ ግሥ በእንግሊዞች ጽሑፍ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይገኛል። በጥንቱ አገባቡ ባንዲራ ወይም በባርኔጣ ላይ የተሰካ ላባ በነፋስ ሲወዛወዝ ይነገርበት ነበር፤ አጊጦ በመንገድ ለሚንጎማለል ሰውም ይነገር ነበር። በኋላ ደግሞ ሀብትን፥ ውበትን፥ ዕውቀትን ወይም ሥልጣንን በሰው ዓይን ፊት ማውለብለብ ማለት ሆነ። ስለዚህ እናት አዲስ የተወለደ ልጅዋን ለዘመዶችዋ ስታሳይ፥ ገበሬም የእርሻውን እሸት ለጎረቤቱ ሲያሳይና ሲያቀምስ፥ ይህ ቃል አይነገርባቸውም። ቃሉ የሚነገረው ሰው ያለውን የሚያሳየው ሌላው አብሮት ደስ እንዲለው ሳይሆን ሌላው የራሱን ማነስ እንዲያውቅ በሆነ ጊዜ ነው። ስለዚህም በአብዛኛው የነቀፋ ቃል ነው። ይሁን እንጂ በዘመናችን ያለው ሰው ያለውን ቢያውለበልብ ነውር አይደለም የሚል አነጋገር በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ተለምዶአል፤ ነጋዴዎችም ዕቃቸውን ለመሸጥ ይጠቀሙበታል።

ከዚህም ሌላ «ፍላውት» የሚባል፥ በድምፅ ለዚህ የቀረበ ግሥ አላቸው። እርሱም ሕግን ወይም ሥርዓትን በንቀት መጣስ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ቃላት እያቀያየሩ ይናገሯቸዋል፤ መምህራንም ያርሟቸዋል። መምህራኑ ማረማቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠግቦ በተራበው ፊት የሚንቀባረር ሰው በሥራው ሁለቱንም ግሦች በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ ሀብቱን ሲያውለበልብ የፍቅርን ሕግ በንቀት ይጥሳልና።

በቋንቋችንም ለዚህ ነገር ብዙ ቃላት አሉን፤ ሁሉም አንድ አይደሉም። ጉራ የአፍ ነው። ፉከራ ቀድሞ በጦር ሜዳና በግብር አዳራሽ የራሱ ስፍራና ሥርዓት ነበረው። ትዕቢት በልብ ተሰውሮ ሊኖር ይችላል፤ ትዕቢተኛ ሰው ብቻውን በጨለማ ተቀምጦም ትዕቢተኛ ነው። ታይታ ግን የሌላ ሰው ዓይን ይፈልጋል፤ ተመልካች በሌለበት ይሞታል። ስለዚህም እንዲህ ያለውን ሰው «ልታይ ልታይ ይላል» እንለዋለን። አባቶቻችንም ከግእዝ ወስደው «ውዳሴ ከንቱ» ሲሉ የዚህን ሥራ ደመወዝ ነገሩን፤ ምስጋና ነው፥ ነገር ግን ባዶ ነው። ትምክህት የሚለው ቃል ደግሞ በሁለት መንገድ ይሄዳል። ነቢዩ ኤርምያስ ጠቢቡ በጥበቡ፥ ኃያሉም በኃይሉ፥ ባለጠጋውም በሀብቱ እንዳይመካ ከልክሎ፥ የሚመካ ሰው ቢኖር እግዚአብሔርን በማወቁ ይመካ ዘንድ ያስተምራል (9፥23-24)። ሐዋርያው ጳውሎስም ከጌታችን መስቀል በቀር ሌላ ትምክህት እንዳይሆንለት ይመኛል (ገላትያ 6፥14)። እንግዲህ ጥያቄው ሰው ይመካል ወይስ አይመካም ሳይሆን በምን ይመካል የሚል ነው።

አሁን ወደ ተናገርነው ኀዘን እንመለስ። ስለ እርሱ ለመናገር ከደጋው ወርደን እስከ ባሕሩ ዳርቻ፥ እስከ ጅቡቲ ከተማ መሄድ ይኖርብናል።

በጅቡቲ ከተማ መካከል፥ አውሮፓውያን በሠሩት ሰፈር፥ ሜኔሊክ አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። ዙሪያውን በረንዳቸው በቅስት የተሠራ ነጫጭ ሕንፃዎች ከበውታል፤ ከቅስቶቹም ሥር ቡና ቤቶችና ሱቆች አሉ። ስሙን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ነው። ከዚያ ወደብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1897 መሠራት የጀመረው የምድር ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ጅቡቲም ለደጋው ሕዝብ የባሕር በር ሆነች። ዛሬም ወደ አገራችን ከሚገባውና ከሚወጣው የባሕር ጭነት አብዛኛው በእርስዋ በኩል ያልፋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ከወጣች በኋላ አደባባዩ በዚያው ቀን ስም ተሰየመ፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። የነገሥታት ስም እንኳ በአደባባይ ተሰቅሎ በአደባባይ ይወርዳል።

አደባባይ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሰው የሚፈረድበትና ሰው የሚታይበት ስፍራ ነው። ለልታይ ባይ ከዚያ የሚመች ቦታ የለም። ከደጋው ማኅበራችን ወጥቶ በጅቡቲ የሚኖር አንድ ወጣት አንድ ዓርብ ማታ በዚህ አደባባይ ቆሞ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ተነሣ። በስተ ኋላው ነጩ ሕንፃና ቅስቱ ይታያሉ፤ እጁን በአንድ አውቶሞቢል ላይ አሳርፎአል፤ ኮት ለብሶ፥ የእጅ ሰዓት አድርጎ፥ የሚያበራ ጫማ ተጫምቶአል። ምስሉንም ወደ ቤተ ሰቡ ላከ። እናቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሁላችንም አሳዩን። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኛም አይተን፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጅዎ ሰው ሆነልዎት» አልናቸው።

ከዚያ በኋላ እንደ ተረዳነው ግን፥ ኮቱ የጓደኛው፥ ሰዓቱ የሌላ ጓደኛው፥ አውቶሞቢሉም የማያውቀው ሰው ነበር። እርሱ በቀን ሥራ ጆንያ እየተሸከመ፥ በባልባላ ሰፈር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ከሰባት ሰዎች ጋር ያድር ነበር። በዚያ ሙቀት ኮት መልበሱ ብቻውን ነገሩን ሊነግረን በተገባ ነበር፤ ነገር ግን እኛ ደገኞች ነንና ኮቱን እንጂ ሙቀቱን አላየንም።

ምስሉን ካዩት መካከል ታናሽ ወንድሙና የጎረቤታቸው የአንዲት መበለት ልጅ ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ለማንም ሳይናገሩ ወጡ። መንገዳቸው ወደ ጅቡቲ ከተማ አልነበረም፤ ደላሎች እንደሚመሩአቸው እንደ ሌሎቹ ሁሉ፥ በአፋር ቆላ ወርደው፥ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው፥ በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ሄዱ። ከኦቦክ ጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፤ ከየመንም ሰዎች ወደ ሳዑዲ ዓረብ ምድር በእግር ይጓዛሉ። ታናሽ ወንድሙ በውኃ ጥም ታሞ ከኦቦክ ተመለሰ። የመበለቲቱ ልጅ ግን ወደ ጀልባው ገባ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

ያ ባሕር ምን እንደሚያደርግ የማናውቅ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤፕሪል ወር፥ በሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት፥ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ዳርቻ ተገልብጠው ከሃምሳ የሚበልጡ ስደተኞች ሞቱ፤ እነዚያ ስደተኞች የአገራችን ልጆች ነበሩ። ሊያገኙ የሄዱትን ሳያገኙ ወደ መጡበት የሚመለሱ ነበሩ።

ታላቅ ወንድምየውም ይህን ሁሉ በሰማ ጊዜ ወደ እኛ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ያንን ምስል ባልልክ ኖሮ ያ ልጅ ከእናቱ ቤት አይወጣም ነበር። ደሙ ከእኔ እጅ ይፈለጋልን?» እነሆ፥ የተማሪው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጣብን፤ አሁን ግን መዝገበ ቃላት አይመልሰውም።

መልስ ስንፈልግ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያገኘነው የንጉሡ የሕዝቅያስ ታሪክ ነው። ሕዝቅያስ እስከ ሞት ታመመ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት፤ ለምልክትም ጥላውን አሥር ደረጃ ወደ ኋላ መለሰው። የባቢሎንም ንጉሥ መልእክተኞችን ከደብዳቤና ከስጦታ ጋር ላከ። የዜና መዋዕል ጸሐፊ እንደሚነግረን መልእክተኞቹ የመጡት በምድሪቱ ላይ የተደረገውን ተአምራት ሊጠይቁ ነው (2ኛ ዜና 32፥31)። ከሩቅ አገር የመጡ አሕዛብ ስለ እግዚአብሔር ሥራ ሊጠይቁ በደጁ ቆመዋል። ንጉሡ ግን ብሩንና ወርቁን፥ ሽቱውንና የከበረውን ዘይት፥ የመሣሪያውንም ቤት ሁሉ አሳያቸው። በግምጃ ቤቱ ካለው ያላሳያቸው ነገር አልነበረም። ከዚህ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንግዶቹ ከወዴት እንደ መጡና በቤቱ ምን እንዳዩ ጠየቀው። ቀጥሎም ያ ሁሉ ሀብት ወደ ባቢሎን እንደሚፈልስ፥ ከልጆቹም ተማርከው የሚሄዱ እንዳሉ ነገረው።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናስተውላለን። መጀመሪያ፥ ሕዝቅያስ አልዋሸም። ወርቁ የራሱ ነበር፤ አልተበደረውም፥ አልሰረቀውምም። ስለዚህ የታይታ ኃጢአት ሐሰት ማሳየት ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ሀብትም ታይታ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ሁሉን አሳይቶ ዋናውን አላሳየም። ሞቶ ሊቀበር የነበረ ሰው እንደ ሆነ፥ በእንባው እንደ ጸለየ፥ እስትንፋሱም የተሰጠችው እንደ ሆነች፥ ይህ በግምጃ ቤቱ ውስጥ አልነበረምና እንግዶቹ ሳያዩት ተመለሱ። ሦስተኛ፥ ዕዳውን የከፈለው እርሱ ብቻ አይደለም። እርሱ በዘመኑ ሰላም ሆነለት፤ የተማረኩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

እንግዲህ ነቢዩ ንጉሡን የጠየቀው ጥያቄ የታይታ ሁሉ መመዘኛ ነው ብለን እናምናለን፤ እንግዶች በቤትህ ምን አዩ? የጠየቀው ምን አለህ ብሎ አይደለም፤ ምን ልታሳይ አሰብህ ብሎም አይደለም። ሰው ስለ አሳቡ ራሱን በቀላሉ ያጸድቃል። ነቢዩ የጠየቀው ተመልካቹ ይዞት ስለ ሄደው ነገር ነው።

በዚህ ጥያቄ ብርሃን የወጣቱን ነገር እንመልከት። አንዳንድ ሰው፥ «ልብስ ተውሶ ፎቶግራፍ መነሣት ምን ወንጀል አለበት? የሄዱት በራሳቸው ፈቃድ ሄዱ» ይል ይሆናል። በዚህ አነጋገር እውነት አለበት። ልጆቹ ከቤታቸው የወጡት ስለ አንድ ምስል ብቻ አይደለም፤ የመሬት ጥበት፥ የሥራ ማጣት፥ የደላሎችም ማታለል ከምስሉ በፊት ነበሩ። አንድ ሰው የዚህን ሁሉ ዕዳ ብቻውን ይሸከም ማለት ፍርድ ማጣመም ነው። ስለዚህ ለወጣቱ፥ «አንተ ገደልኸው» አላልነውም፤ እንዲህ ልንለውም ሥልጣን የለንም።

ነገር ግን «ምንም የለብህም» ልንለውም አልቻልንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት ሥጋ ሲጽፍ፥ መብሉ በራሱ ምንም እንዳልሆነ ካስረዳ በኋላ፥ ዕውቀት ያለው ሰው በጣዖት ቤት በማዕድ ተቀምጦ ደካማው ወንድም ቢያየው ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል (1ኛ ቆሮንቶስ 8፥10)። የዚህ ክርክር ኃይል ሁሉ ያለው በማየቱ ላይ ነው። ለሚበላው ንጹሕ የሆነው ለሚያየው መውደቂያ ሊሆን ይችላል፤ ያም ወንድም ክርስቶስ የሞተለት ነው። እንግዲህ ክርስቲያን ለሥራው ብቻ ሳይሆን በሥራው ለሚሰናከለውም ዓይን ኃላፊነት አለበት።

ታይታም አንዱን ሲያሳይ ሌላውን ይሰውራል። ያ ወጣት ኮቱን አሳየ፥ ረሀቡን ሰወረ፤ ነጩን ሕንፃ አሳየ፥ የቆርቆሮውን ክፍል ሰወረ። በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደሚባለው፥ ለታናናሾቹ ሳሩን አሳያቸው፤ ገደሉ ግን ከምስሉ ውጭ ነበረ። በደሉ እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ቢጽፍ ኖሮ ምናልባት ይሄዱ ነበር፤ ምናልባትም አይሄዱም ነበር። ነገር ግን ሲሄዱ አውቀው በሄዱ።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ያ ወጣት ኮት የተዋሰው ለማን ነው? በጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ ለሚያልፈው መንገደኛ አይደለም፤ መንገደኛው አያውቀውም። የተዋሰው ለእኛ ነው። ከስደት የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን በደጃችን ሲቆም፥ ደኅንነቱን ከመጠየቃችን በፊት ምን ይዞ እንደ መጣ ዓይናችን ሻንጣውን ይፈልጋል። ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚወቅሰው የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው አይደለም፤ ወደ ጉባኤ ሲገባ ተነሥተው የክብር ወንበር የሚሰጡትን፥ ድሀውን ግን በእግራቸው መረገጫ አጠገብ የሚያስቀምጡትን ነው። እኛም የቀለበቱ አክባሪዎች ሆነን የቀለበቱን ባለቤት ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን የቀና አይሆንም።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውንም አንርሳ። የሰጪዎችን ስም ከነገንዘቡ ልክ ከመምበር ላይ እናነብባለን፤ ከዚያ በኋላ ምእመናን ለሰው ምስጋና ይሰጣሉ ብለን እናዝናለን። ለሠርግና ለተዝካር የተበደረ ቤተ ሰብ ዕዳውን ለዓመታት ሲከፍል እያየን፥ የድንኳኑን ስፋት ለማድነቅ አንዘገይም። ሰባክያንም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ጉባኤው ያልጠየቀንን የግሪክ ቃል የምንጠራው ቃሉ ስለሚያስፈልግ ነው ወይስ እኛ እንደ ተማርን እንዲታወቅ? ይህንንም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ግሥ መጀመራችንን አንባቢ ቢታዘበን አንቀየምም፤ ራሳችንንም ጠይቀንበታል።

በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንግዲያስ መልካም ነገር ሁሉ ይሰወር ዘንድ ይገባልን? ጌታችን በተራራው ስብከቱ ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ፥ መልካሙም ሥራችን እንዲታይ ያዝዛል፤ በዚያው ስብከት ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ምጽዋትንና ጸሎትን ለመታየት ብለን እንዳናደርግ ይከለክላል። ሁለቱ ትእዛዛት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይጣሉም። በመጀመሪያው ሥራውን ያየ ሰው በሰማይ ያለውን አባት ያመሰግናል፤ በሁለተኛው ሥራውን ያየ ሰው ሠሪውን ያመሰግናል፥ ነገሩም በዚያ ያልቃል።

ይህን በገጠር ቤታችን ካለው ኩራዝ እንማር። ኩራዝ የሚበራው ማታ ሰዎች ሊያዩት አይደለም። በእርሱ ብርሃን እናት ሊጥዋን ታያለች፥ ተማሪ መጽሐፉን ያነብባል፥ የታመመው ሰው ፊት ይታያል፥ እንግዳም መቀመጫውን ያገኛል። ብርሃኑን ትቶ እሳቱን ብቻ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ዓይኑ ይፈዝዝና ሌላውን ነገር ማየት ይሳነዋል። ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። እርሱ በመታየቱ ሌላው ሰው መንገዱን ካየ፥ ድሀው ከታየ፥ እግዚአብሔር ከታየ፥ ይህ ምስክርነት ነው። እርሱ በመታየቱ ሌላው ሁሉ ከጠፋ ግን ታይታ ነው።

ደግሞም በመሰወር ታይታን ያመለጥን አይምሰለን። ጌታችን ጾመኞች መሆናቸው እንዲታወቅ ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ነቅፎአል። የተቀደደ ልብስም ልክ እንደ ኮቱ ሊውለበለብ ይችላል፤ «እኔ ምንም አላውቅም» የሚል ቃልም ምስጋና ሊያጠምድ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ የልብስ ለውጥ አይደለም።

ለመልካም ምሳሌ ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አንዲት እኅት እናንሣ። አስቴር ጋኖ በልጅነትዋ ተማርካ ለባርነት ተሸጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ የመን ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ያዟቸውና ነጻ ወጣች፤ ወደ ኤርትራም ተወስዳ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ዛሬ ልጆቻችን በጀልባ የሚሻገሩት ባሕር እርስዋ በግድ የተጓዘችበት ባሕር ነው። በዚያም እንደ እርስዋ ከባርነት ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ የቋንቋ ስጦታዋን ተመልክቶ ለሥራው ጠራት። አስቴርም 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ ለማንበቢያ መጽሐፍ የሚሆኑ ተረቶችንና ምሳሌዎችን ከአእምሮዋ ጻፈች። በእነዚያ ቃላት እየተረዳ ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጐመ፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን በትርጉሙ የሚጠራው ስም የኦኔሲሞስ ብቻ ነበር። እርስዋ ወደ ወለጋ ተመልሳ ልጆችን አስተማረች።

በዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት አለ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ሥራ ሳይታይ ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል ነው፤ ያንን መጽሐፍ ያነበቡ ብዙዎች አስቴርን ሳያውቁ በእርስዋ ቃላት እግዚአብሔርን አወቁ። ሁለተኛው ግን፥ የእርስዋ መሰወር እኛን ከዕዳ አያነጻንም። ሰው የራሱን ስም ባያውለበልብ ትሕትና ነው፤ የሌላውን ስም ብንሰውር ግን ግፍ ነው። በተለይ ወጥ ቤት ሆነው ጉባኤውን የሚመግቡትን ሴቶች፥ ሕመምተኛ የሚያስታምሙትን፥ መዝሙር የሚጽፉትን፥ ስማቸውን ሳናነሣ ለብዙ ዘመን በልተናቸዋል። ስለዚህ ክርስቲያን ራሱን ከማሳየት ይቆጠብ፤ ወንድሙንና እኅቱን ግን ያሳይ። ይህ ማሳየት ታይታ አይባልም።

በመጨረሻ ወደ መስቀሉ እንምጣ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1518 በሃይድልበርግ በተደረገው ክርክር ሁለት ዓይነት የነገረ መለኮት ሰዎች እንዳሉ አስተማረ። አንዱ እግዚአብሔርን በክብርና በኃይል ሥራ ሊያየው የሚሻ ነው፤ ሁለተኛው እግዚአብሔርን በመከራና በመስቀል የሚያየው ነው። የመጀመሪያው ክፉውን መልካም፥ መልካሙን ክፉ ይለዋል፤ ሁለተኛው ነገሩን እንደ ሆነው ይጠራዋል። ይህ ትምህርት ስለምንመረምረው ነገር ብዙ ይነግረናል። እኛ በፎቶግራፉ ውስጥ የእግዚአብሔርን በረከት አየን ብለን አመሰገንን፤ እግዚአብሔር ግን በዚያ ሰዓት በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ፥ ከጆንያው በታች፥ ከተሰወረው ረሀብ አጠገብ ነበረ። እኛ በማናይበት ስፍራ ነበረ።

ጌታችን ኢየሱስ ራሱም በአደባባይ ታይቶአል። ከከተማው በር ውጭ፥ ልብሱን ገፈው፥ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ጽሕፈት ከበላዩ አኑረው፥ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ሰቀሉት። የሰው ልጅ ሊያሳየው የማይወደውን ሁሉ፥ እርቃንን፥ ድካምን፥ ጥማትን፥ በእርሱ ላይ አሳዩ። እግዚአብሔርም በዚያ የኀፍረት ስፍራ እኛን አዳነን። ሰው እንደዚህ ታይቶ ከተወደደ፥ ልብስ ተውሶ መወደድን የሚለምንበት ምክንያት ምን ይቀርለታል? ታይታን በልባችን የሚነቅለው የሕግ ወቀሳ ብቻ አይደለም፤ የሚነቅለው እግዚአብሔር እንደ ሆንን አይቶን እንደ ተቀበለን ማመን ነው። የታየ ሰው ልታይ ልታይ አይልም።

ለወጣቱ የጻፍንለት መልስ ከዚህ ከተናገርነው የተለየ አልነበረም። በደሉን አላቀለልንበትም፤ ከልኩም በላይ አላከበድንበትም። ሕዝቅያስ እንኳ ከልቡ ኩራት ራሱን ባዋረደ ጊዜ እግዚአብሔር በዘመኑ ቁጣውን እንደ መለሰ (2ኛ ዜና 32፥26) አስታወስነው፤ በክርስቶስ ስም የኃጢአትን ስርየት ጻፍንለት። አንድ ነገር ብቻ ለመንነው፤ ያልታየውን ነገር ለቤተ ሰቡ እንዲጽፍ።

እርሱም ጻፈ። ስለ ክፍሉ፥ ስለ ጆንያው፥ በሌሊት ስለሚያገኘው ሙቀት፥ ኮቱም የማን እንደ ነበረ፥ ሁሉን ጻፈ። እናቱ ደብዳቤውን በሴቶች የጸሎት ጉባኤ አስነበቡት፤ ሲነበብ መበለቲቱ በአጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ብዙ ዝምታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም እናቶች ከልጆቻቸው የመጡትን ምስሎች እያወጡ፥ ከምስሉ ውጭ ያለውን እንዲጽፉላቸው ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ ተነጋገሩ። የመበለቲቱ ልጅ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ስለ እርሱም በየእሑዱ በስሙ እንጸልያለን።

እግዚአብሔር አባታችን ሆይ፤ ሰው ፊትን ሲያይ አንተ ልብን ታያለህ። የተሰወረውን ረሀብ የምናይበት ዓይን ስጠን። ባዶ እጁን ለሚመለሰው ልጅ ቤታችንን ክፈት። በባሕር ላይና በምድረ በዳ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅ፤ ድምፃቸው የጠፋባቸውን እናቶች አጽናና። ስማችን ሳይሆን ስምህ ይታይ፤ ስለ ልጅህ ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።